ስለ ሎንዶን የፍሳሽ ቦይ ሹመት

የከተማን ቆሻሻ ውሃ ማስወገድ የመሐንዲስ ሥራ ብቻ መስሎ ይታያል። የሎንዶንን ታሪክ ስንመረምር ግን፣ ከቦዩ አሠራር ይልቅ የሚያሠራውን ቦርድ ማን ይሹም የሚለው ነገር ብዙ ዘመን ማከራከሩን እናገኛለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1848 ዓ.ም. የየሰፈሩ የቦይ ኮሚሲዮኖች ተጠቃለው፣ አባሎቹን ዘውዱ የሚሾማቸው አንድ ኮሚሲዮን ተቋቋመ፤ ሲቲ የተባለው ጥንታዊ ክፍል ብቻ የራሱን እንደ ያዘ ቀረ። የዚህ አሳብ ዋና ደጋፊ የነበረው ኤድዊን ቻድዊክ፣ እንዲህ ያለው ሥራ ከአጥቢያ ሹማምንት ይልቅ ለዐዋቂዎች እንዲሰጥ ይሻ ነበር። ኮሚሲዮኑ የየቤቱ ጉድጓድ እየቀረ እድፉ በቦይ ወደ ቴምዝ ወንዝ እንዲወርድ አደረገ። ያን ጊዜ በሽታ ከሽታ እንጂ ከውሃ ይመጣል ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበርና፣ ብዙ ሰው የሚጠጣውም ከዚያው ወንዝ ነበር። በ1848 እና በ1849 ዓ.ም. 14,000 ያህል ሰው በኮሌራ ሞተ። ቻድዊክም ከኮሚሲዮኑ ወጣ።

ግብር ከፋዩ ግን፣ ገንዘቡን እኛ እየከፈልን ሿሚው ስለ ምን ሌላ ይሆናል ብሎ ያጕረመርም ነበር። ስለዚህ በ1855 ዓ.ም. በሰር ቤንጃሚን ሆል አቅራቢነት በወጣው ሕግ፣ አባሎቹን የአጥቢያ ምክር ቤቶች የሚመርጡት የሜትሮፖሊታን የሥራ ቦርድ ተመሠረተ። ይሁን እንጂ ያው ሕግ ታላቁን የቦይ ፕላን የመንግሥቱ የሥራ ሹም ካላጸደቀው እንዳይጀመር ከለከለ። የሚያስገርመው፣ በዚያው ዓመት ይህን ሹመት ያገኘው ሆል ራሱ ነው! መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ያቀረበውንም ፕላን፣ መውጫው ለከተማው ቀርቧል ብሎ መለሰው። ክርክሩ እስከ 1858 ዓ.ም. ቈየ።

በዚያ በጋ የወንዙ ግማት በዳርቻው ካለው ፓርላማ ገባ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ዲዝሬሊ ያቀረበው ሕግ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጸድቆ፣ ቦርዱ 3 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲበደርና ፕላኑን በራሱ ሥልጣን እንዲፈጽም ፈቀደ። ብዙ ጸሐፊዎች ግማቱን ያነሣሉ፤ በእኛ አስተያየት ግን ሥራውን ያስጀመረው የሁለት ጌታ ተገዢነት መቅረቱ ነው። 132 ኪሎሜትር ዋና ቦይ ተሠራ። በ1866 ዓ.ም. ኮሌራ ሲመለስ ክፉኛ የመታው ሥራው ያልተፈጸመበትን ምሥራቁን ክፍል ነበር።

ነገር ግን ሕዝቡ በቀጥታ ያልመረጠውን ቦርድ በቅርብ የሚቈጣጠር አልነበረም። በ1888 ዓ.ም. የተደረገው ምርመራ ከሹማምንቱ አንዳንዶቹ በቦርዱ መሬት መነገዳቸውን ገለጠ፤ በ1889 ዓ.ም. ሥራው ሕዝቡ በቀጥታ ለመረጠው የሎንዶን አውራጃ ምክር ቤት ተላለፈ። ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1974 ዓ.ም. ቦዩን የተረከበው የቴምዝ ውሃ ባለሥልጣን አብዛኞቹን አባሎች ከአጥቢያ ምክር ቤቶች ያገኝ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ሹመቱን ለሚኒስትሮች መለሰው።