«ላይብረሪ» እና «ዲፔንደንሲ»፦ የሁለት ቃላት ታሪክና የአተረጓጎማቸው ጥያቄ

የኮምፒዩተር ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ቃሉ የተወለደበት ታሪክ ካልተመረመረ ስያሜው አሳሳች ይሆናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለት ቃላትን ከዚህ አንጻር እንመለከታለን።

እ.ኤ.አ. በ1949 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው ኤድሳክ የተባለ ኮምፒዩተር፣ ደጋግመው የሚያስፈልጉ ንዑሳን ፕሮግራሞች ነበሩት። እነዚህም በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ተዘጋጅተው በቁም ሣጥን ይቀመጡ ነበር፤ ስብስቡም «ላይብረሪ» ተባለ። ፕሮግራም ጸሐፊው የፈለገውን ጥብጣብ በራሱ ጥብጣብ ላይ ይገለብጠዋል። ቅጂው ከፕሮግራሙ ጋር ስለሚኖር፣ ቁም ሣጥኑ ቢቆለፍም ሥራው አይቆምም።

ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣ በኋላ ልማዱ እየተለወጠ ሄደ። ብዙ ድረ ገጾች ስክሪፕቱን ገልብጠው በመያዝ ፈንታ፣ በተከፈቱ ቁጥር ከሌላ ኮምፒዩተር ያስመጡት ጀመር። ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ከጋራ ማከማቻ እየወሰዱ መሥራትን ለመዱ። መዘዙ ግን አልዘገየም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 «ሌፍትፓድ» የተባለ የ11 መስመር ስክሪፕት በደራሲው ከማከማቻው ሲነሣ፣ በርካታ ፕሮግራሞችን መገንባት ተሰናከለ። በ2024 ደግሞ «ፖሊፊል» የተባለው ስክሪፕት የሚታደልበት አድራሻ ወደ ሌላ እጅ ከተላለፈ በኋላ፣ በሚገለገሉበት ድረ ገጾች ላይ ተንኮል ያዘለ ትእዛዝ ሲያስገባ ተገኘ።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ከቡታጅራ በስተምሥራቅ በምትገኘው በቆሼ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት የጉራጌኛ መዝገበ ቃላት በኮምፒዩተር ተዘጋጀ እንበል። ፊደላችን በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ለጉራጌኛ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ሆሄያት በ2005 እና በ2021 ተጨምረዋል። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱ የሚደገፍበት ስክሪፕት አሮጌ እትም ከሆነ፣ አዲሶቹን ሆሄያት በቅጡ ላይደረድራቸው ይችላል። ስክሪፕቱን ከውጭ የሚያስመጣ ከሆነ ደግሞ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል እንደ ተቋረጠው ያለ ጊዜ ሲመጣ፣ ቃላቱ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ተማሪው ሊያገኛቸው አይችልም።

ወደ ስያሜው ስንመለስ፣ «ቤተ መጻሕፍት» ተውሰው የሚመልሱትን መጽሐፍ ያሳስባል፤ ጥብጣቡ ግን ተገልብጦ የሚቀር ነበር። ስለዚህ «ላይብረሪ» እንዳለ ቢቆይ እንመርጣለን። ለ«ዲፔንደንሲ» የሚቀርበው «ጥገኝነት» በአንድ በኩል ጥገኛ ተውሳክን፣ በሌላ በኩል የፖለቲካ ጥገኝነትን ያስታውሳል። በእኛ አስተያየት «ምርኩዝ» ይሻላል፤ ፕሮግራሙም «ተመርኳዥ» ይባል።

ስያሜው አሠራሩንም ይጠቁማል። ምርኩዝ የሚያስፈልገው ሰው ምርኩዙን በጎረቤት ቤት ትቶ መንገድ አይጀምርም። እንዲሁም ፕሮግራሙ የስክሪፕቱን ቅጂ አብሮ ይያዝ፤ ስሙንና እትሙን ይመዝግብ፤ ስክሪፕቱ ቢታጣ እንኳ ቃላቱን ማሳየት አይተው፤ የጎደለውንም ተጠቃሚው በሚያውቀው ቋንቋ ይንገረው። የተያዘ ቅጂ በራሱ አይታደስምና፣ በየጊዜው መርምሮ የሚያድሰው ሰውም ከመጀመሪያው ይመደብ።