ወጅግራ ምን ትመሰክራለች?

የድሮ ጠመንጃዎቻችንን ስም ተራ በተራ የጠራ ሰው ሳያስበው የአውሮፓን ፋብሪካዎች ይጠራል። ስናድር ያልነው የእንግሊዙን ስናይደር ነው። አልቤን የፈረንሳዩ ሌቤል፣ ምንሽር ደግሞ የኦስትሪያው ማንሊከር ነው። ቤልጅግማ የአገሩን ስም ይዞ የመጣ ነው። ወጅግራም «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ተወልዳ አማርኛ ክርስትና ያነሣት ናት። ፉዚ ማለት ጠመንጃ፣ ግራ ደግሞ የነደፋት መኮንን ስም ነው።

እነዚህ ስሞች ቀረርቶና ፉከራ ውስጥ ገብተው የጀግንነት ጌጥ ሆነዋል። ልብ የማንለው ነገር ቢኖር ብዙዎቹ ወደ እኛ የመጡት ሠሪያቸው ከጣላቸው በኋላ መሆኑን ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የዘመተው የናፒየር ጦር የያዘው ለዘመኑ አዲስ የነበረውን፣ ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ነበር። ሲመለስ ለካሣ ምርጫ፣ ለኋላው አፄ ዮሐንስ፣ የተወላቸው 850 ያህል ጠመንጃ ግን አሮጌው፣ ከአፈሙዝ የሚጎርሰው ነው። ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ በግመል ጭኖ ሸዋ ያደረሰው 2,000 ያህል ጠመንጃም አውሮፓ የተገላገለችው ነበር። ምኒልክ ግን የዋዛ ገዢ አልነበሩም፤ ተከራክረው ራምቦ ካሰበው እጅግ ባነሰ ዋጋ ወሰዱት።

ወጅግራም እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር ጠመንጃ ሆነች። በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰው ሌቤል ሲመጣ ጡረታ ወጣች። ጡረታዋን የበላችው እንግዲህ ከኛ ጋር ነው።

ይህን ሁሉ እንዳነሣ ያደረገኝ ባለፈው ዓመት ቨርጂኒያ የሚኖር ወዳጄ ቤት ያየኋት አንዲት ወጅግራ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ውስጥ ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። ወዳጄም በጥቂት መቶ ዶላር አንዷን ወሰዳት። ከ1899 በፊት የተሠራ ጠመንጃ በአሜሪካ ፌደራል ሕግ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚታይ፣ በርሜሉ ላይ የተመታው ዓመት ለገዢው ትልቅ ነገር ነው።

ጠረጴዛ ላይ አጋድመን መረመርናት። ርዝመቷ 1 ሜትር ከ30 ነው፤ ክብደቷ ከ4 ኪሎ ትንሽ ያልፋል። ጎኗ ላይ የሴንት ኤትየን ፋብሪካ ስም ተቀርጿል። አጠገቡ «ኤም 80» የሚል ምልክት አለ። ቀለህ ቢፈነዳ ትኩሱ ጋዝ የተኳሹን ፊት እንዳይመታ ማምለጫ ቦይ እንደተበጀላት ማስታወሻ ነው። እስከዚህ ያለውን የጻፈው ፈረንሳይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የጻፈው ግን የኛው ሰው ነው። የሰደፏ አንገት ተሰንጥቆ በጠፍር ተጠምጥሟል። ጠፍር እርጥቡን ተጠምጥሞ ሲደርቅ እንዴት እንደሚጨመድድ ገጠር ያደገ ያውቀዋል። የበርሜሉን ውስጥ በመብራት ስናየው ቦዮቹ ቢደበዝዙም አልጠፉም። የጥቁር ባሩድ ዝቃጭ እርጥበት እየሳበ ብረት ይበላል፤ ስለዚህ ከተኮሰ በኋላ በርሜሉን የሚያጥብ ባለቤት እንደነበራት ገመትን። በመጨረሻ ባዶ ቀለህ ላይ ጥይት ሰክተን አፈሙዟ ውስጥ ከተትን። ጥይቱ እስከ ቀለሁ ከንፈር ቢሰምጥ አፈሙዙ በመወልወያ ዘንግ ብዛት ሰፍቷል ማለት ነው። ግማሹ ላይ ቆመ። እሰየው አልን።

ቀጥሎ መተኮስ መጣ። ወዳጄ ቀለሁን ያበጀው ከአደን ጠመንጃ የናስ ቀለህ ነው። 5 ግራም ያህል ጥቁር ባሩድ ጨመረበትና 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ደፈነበት። የመጀመሪያዋን ጥይት ማንም ትከሻው ላይ አልሞከራትም። ጠመንጃዋን አሮጌ ጎማ ላይ አስረን በረጅም ሲባጎ ሳብናት። መቀርቀሪያው በቀላሉ ተከፈተ፤ ቀለሁም አልተሰነጠቀም። ከዚያ ተራው የኔ ሆነ። ምቷ እንደ ጥፊ ሳይሆን እንደ ጎረምሳ ግፊ ነው። ነጩ ጭስ እስኪገለጥ ዒላማዬን ለማየት መጠበቅ ነበረብኝ። ከ50 ሜትር 5 ተኩሼ 3ቱ ወረቀቱን አገኙት። በዚህ ጭስ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው ጎን ለጎን ሲተኩስ አስቡት። ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ተኳሹ ያለበትን ጠላት ያውቀዋል፤ እሱ ግን ጠላቱን አያይም።

አብረውን የነበሩት የወዳጄ አባት፣ ጎጃም ተወልደው ያደጉ ሽማግሌ፣ ተኩሱ አላስገረማቸውም። እሳቸው የጮኹት ሌላ ነው፦ «ቀለሁን አንሡ እንጂ! ቀለህ ይጣላል እንዴ?»

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በምኒልክ ዘመን ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር በየገበያው እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ባለወጅግራ አንድ ጊዜ ቃታ ሲስብ ገንዘቡን እያቃጠለ ነበር ማለት ነው። ባዶውን ቀለህ እንደገና ይሞላዋል እንጂ አይጥለውም።

የኔ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ስለ አድዋ ስናወራ «በጦርና በጎራዴ ዘመናዊ ጦር አሸነፍን» ማለት እንወዳለን። ጦርና ጎራዴ በእርግጥ ነበሩ። ግን በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ጠመንጃ ይዞ ነበር። ያ ጠመንጃ በዓመታት ውስጥ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድና በቡና ተገዝቶ፣ ከባሕር ዳርቻ በግመል ተጭኖ የመጣ ነው። በ1880 ዓ.ም. ጣሊያን ራሷ 5,000 ረሚንግተን ለምኒልክ ልትሰጥ ተዋውላለች። ከሻጮቹ ፉክክር መሐል ገብቶ፣ የተጣለ ዕቃ ገዝቶ፣ ጠግኖና ጥይቱን ቆጥቦ የጠበቀ ሕዝብ ነው ያሸነፈው። ለኔ ይህ ከጎራዴው ተረት አያንስም፤ ኧረ እንዲያውም ይበልጣል። ጀግንነት ብቻ ሳይሆን ዝግጅት ነበርና።

የዚህ ዝግጅት ምስክር ጠፍር የተጠመጠመባት ወጅግራ ናት። ከወዳጄ ጠመንጃ ጋር የመጣው ወረቀት ሞዴሏን ይናገራል እንጂ የማን እንደነበረች፣ ከየት አውራጃ እንደመጣች አንድ ቃል የለውም። የሸጥነው ብረትና እንጨት ብቻ አይደለም ማለቴ ነው። ያረጀ መሣሪያ ይሸጥ፣ አይሸጥ የሚለው ክርክር ይቆየን። መጋዘን ያለውም ሆነ አያቱ ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን የወረሰ ሰው ግን፣ ከመሸጡ ወይም በርሜሉን ከማስቆረጡ በፊት ጎኗ ላይ ያለውን ጽሑፍና ቁጥር ይገልብጥ፣ ፎቶ ያንሣት፣ የያዟትን ሰዎች ስም ይጻፍ። ለዚህ አንድ ደብተርና አንድ ከሰዓት ይበቃል። ስሞቹን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ግን ሁልጊዜ አይጠብቁንም።