የወረቀት ነገር በኢትዮጵያና በኬንያ



በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ገበያ የሚዘዋወር ሰው ሁለት ዓይነት መጠቅለያ ያያል። ቆጮውና ቅቤው በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ይቀርባል፤ ሳሙናውና ብስኩቱ ግን በካርቶን ታሽጎ ከመኪና ይወርዳል። የፊተኛው ከጓሮ የተቆረጠ ሲሆን፥ የኋለኛው አብዛኛውን ጊዜ የውጭ ምንዛሪ የወጣበት ነው። መስከረም ሲጠባ ወላጅ ለደብተር የሚከፍለው ዋጋም ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ የወረቀትን ንግድ ታሪክ መመርመር ይገባናል።

አባቶቻችን ቆዳ ፍቀው ብራና በማዘጋጀት መጻሕፍትን ሲጽፉ ኖረዋል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ግን ሥራው ወረቀት የሚጠይቅ ሆነ፤ ወረቀቱም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነበር። ይህን ችግር ለማቃለል በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት በወንጂ የወረቀት ፋብሪካ ተሠራ። ስፍራው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረበት ስለ ነበር፥ የሸንኮራ አገዳ ገለባ በቅርብ ይገኝ ነበር። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ፐልፕን፥ ማለት ከእንጨት ተቀቅሎ የሚገኘውን ጥሬ ዕቃ፥ ከውጭ ሲገዛ ኖረ። ስለዚህ ወረቀቱ በአገር ውስጥ ቢሠራም ሥሩ በውጭ አገር ቀረ።

ጎረቤታችን ኬንያ በሌላ መንገድ ተጓዘች። በንዞያ ወንዝ አጠገብ በምትገኘው በዌቡዬ ከተማ፥ እ.ኤ.አ. በ1974 ፓን አፍሪካን የተባለው የወረቀት ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። የኬንያ መንግሥትና የሕንድ ነጋዴዎች በድርሻ ገቡበት። ፋብሪካው ፐልፑን የሚያዘጋጀው በአገሩ ከተተከለ ዛፍ ስለ ነበር፥ ከራሱ ገበያ አልፎ ለጎረቤት አገሮችም ወረቀት ይሸጥ ነበር። ነገር ግን ዕዳ ተከመረበት፤ የወንዙ መበከልና የጢሱ ሽታም ነዋሪውን አስመረረ። እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘጋ፤ ከተማይቱም ከሥራ በተሰናበቱ ሠራተኞች ምክንያት ተጎዳች። ከዓመታት በኋላ ለግል ባለሀብት ተላልፎ እንደገና ተከፈተ።

እንግዲህ ከሁለቱ ምን እንማራለን? አንደኛው ፋብሪካ ኖሮት ጥሬ ዕቃ አጣ፤ ሁለተኛው ጥሬ ዕቃ ኖሮት የሒሳብና የአስተዳደር ጥንካሬ አጣ። ሁለቱም ካልተሟሉ የወረቀት ሥራ አይዘልቅም።

የጉራጌ ገበሬ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባውን ባሕር ዛፍ በብዛት ይተክላል፤ ግንዱም ለቤት ምሰሶና ለግንባታ መወጣጫ እየተባለ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። በብራዚልና በፖርቱጋል ግን ይኸው ዛፍ ፐልፕ ሆኖ ለዓለም ገበያ ይሸጣል። ይህ ማለት ነገ በወልቂጤ ፋብሪካ ይቁም ማለት አይደለም፤ ፐልፕ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፥ የዌቡዬም ወንዝ ምስክር ነው። ነገር ግን ሀብቱ በእጃችን መሆኑን አውቆ በጥናት ማሰብ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ግን፥ ክቡራን የመንግሥት ሠራተኞች፥ አንድ ሥራ በእጃችሁ አለ። ያገለገለ ወረቀት ተሰብስቦ ካርቶን ይሆናል። የወረቀቱን ሁለት ገጽ ጽፎ፥ ያለቀውን ለይቶ ለሰብሳቢ መስጠት፥ የማይታይ ቢመስልም የአገርን ምንዛሪ መጠበቅ ነው።