ሴባስቶፖልን የጎተቱትን እናወሳለን፤ ቁልቁለት ላይ የያዙትንስ?

ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ይህን አይስተውም። ከ4,000 ሜትር በላይ መውጣት የሞተር ሥራ ነው። በሐረና ጫካ በኩል መውረድ ግን የፍሬንና የማሰሪያ ሥራ ነው። ሎቤድ ላይ ዶዘር ለጫነ ሾፌር ደግሞ ፈተናው እጥፍ ነው፤ መኪናውን ብቻ ሳይሆን ጭነቱንም መያዝ አለበት።

ይህ ፈተና ለአገራችን አዲስ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሱ፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ይዘው ነበር። 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ በጋሪ ላይ ተጭኖ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች እየተጎተተ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። መንገዱ እየተሠራ ነበር የሚኬደው፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር።

ታሪኩን ስንተርክ የምናነሳው ጉተታውን ነው። መንገዱ ግን ዳገት ብቻ አልነበረም። ከደላንታ አምባ ወደ በሽሎ ገደል መውረድም ነበረበት። እዚያ ላይ ጎታች የነበረው ሁሉ ያዥ መሆኑ ግድ ነው። ገመዱ ቢላላ ወይም ሰው ቢዘናጋ፣ 7 ቶን ብረት ከፊቱ ያለውን ሁሉ ይጨፈልቃል።

ዛሬ ገመዱ በሰንሰለትና በመወጠሪያ ተተክቷል፤ አንድ ክፉ እምነት ግን አለ፦ «ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል» የሚል። አይይዘውም! 20 ቶን ዶዘር በ10 በመቶ ቁልቁለት ላይ ቆሞ እንኳ 2 ቶን ያህል ወደ ታች ይገፋል። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ግፊቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። የዶዘሩ እግር ብረት፣ የሎቤዱ ወለል ብረት፤ መሐሉ ላይ ጭቃና ዝናብ ሲገባ ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ለዚህ ነው የአሜሪካና የአውሮፓ ደንቦች ማሰሪያው ወደ ፊት የጭነቱን ክብደት 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 50 በመቶ የሚችል እንዲሆን የሚያስገድዱት። ለ20 ቶን ዶዘር ወደ ፊት 16 ቶን ማለት ነው። ሥራው ረቂቅ አይደለም፦ ወለሉን ከጭቃ ማጽዳት፣ ምላጩን መሬት ማስያዝ፣ ቢያንስ በአራት ማዕዘን በሰንሰለት መወጠር፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጉዞ ቆሞ ዳግመኛ ማጥበቅ።

ታዲያ ለምን ይዘለላል? ጊዜ ስለሚወስድ፣ ሰንሰለቱም ገንዘብ ስለሚጠይቅ ነው። «ቶሎ ድረስ» የሚለው አሠሪ ቢሮ ውስጥ ነው። የሚንሸራተተው ብረት ግን የሚያገኘው ሾፌሩን፣ ረዳቱንና በሮቤ ገበያ ውሎ በመንገድ ዳር ወደ ቤቱ የሚመለሰውን ገበሬ ነው። ሲገለበጥም ጥፋቱ የሾፌሩ ይባላል።

የሴባስቶፖል ቅጂ አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። መድፉን ማክበራችን መልካም ነው። ግን ያን ጭነት ሲያጓጉዙ አዛዡ ከጭነቱ አጠገብ ነበሩ። የዛሬው አዛዥ መንገድ ላይ ባይገኝ እንኳ፣ ሎቤዱ ከመነሳቱ በፊት «በደንብ ታስሯል» ብሎ ይፈርም። ፊርማ ከሌለ ጉዞ አይኑር።