ጊሪንድራሼካር ቦዝ፦ የካልካታው ሐኪም

የሥነ ልቡና ትንተና (ሳይኮአናሊሲስ) ታሪክ ሲነሣ ቪየና፣ ዙሪክ፣ በርሊንና ለንደን ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1922 በሕንድ አገር፣ በካልካታ ከተማ የተቋቋመውን ማኅበርና መሥራቹን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። መሥራቹ ጊሪንድራሼካር ቦዝ ይባላል። ከፍሮይድ ጋር ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሲጻጻፉ ኖረው አንድ ቀን እንኳ በአካል ሳይተያዩ ቀርተዋል።

ቦዝ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። አባቱ የዳርብሃንጋው ማሃራጃ ሹም ስለነበሩ የቤተሰቡ ኑሮ የተደላደለ ነበር። ልጁ ገና በወጣትነቱ በምትሀት ጨዋታና በሂፕኖቲዝም ተማረከ። ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ዝንባሌ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 ከካልካታ የሕክምና ኮሌጅ ተመርቆ ሥራ ሲጀምር አእምሯቸው የታወከባቸውን ሕሙማን በሂፕኖቲዝም ለመርዳት የሞከረው ከዚሁ የተነሣ ነውና።

የፍሮይድን ሐሳብ በመጀመሪያ ያወቀው በእንግሊዝኛ ታትመው እጁ ከገቡ ጥቂት ጽሑፎች ነው። የአውሮፓ ባልደረቦቹ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጠው ሲማሩ፣ እሱ የራሱን ልቡናና የሕሙማኑን ንግግር ከመመርመር በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። የካልካታ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ትምህርት ክፍል በከፈተ ጊዜም፣ ይህ በሥራ ላይ ያለ ሐኪም እንደገና ተማሪ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1917 የማስተርስ ዲግሪውን አገኘ፤ በዚያው ክፍልም አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ ፍላጎት መታፈን በጻፈው ጥናት የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበለ። መጽሐፉ ቪየና ሲደርስ፣ ፍሮይድ ሐሳቡ በዚያን ያህል ሩቅ አገር ተቀባይ ማግኘቱ እንዳስገረመው ጻፈለት።

ቦዝ ግን ተቀባይ ብቻ አልነበረም። በእሱ አስተያየት ማንኛውም ፍላጎት ተቃራኒውን ከንቃተ ኅሊና በታች ይዞ ይኖራል፤ መምታት የሚሻ ሰው የመመታት ፍላጎትም በውስጡ አለ። ስለዚህ ሕመምተኛው ሁለቱንም ቦታዎች በሐሳቡ እየተፈራረቀ እንዲይዝ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ደግሞ፣ በአውሮፓውያን ሕሙማን ዘንድ ጎልቶ የሚታየው የመሰለብ ሥጋት በሕንዳውያኑ ዘንድ ያን ያህል እንደማይጎላ፣ ሴት የመሆን ምኞት ግን በቀላሉ እንደሚገለጥ ለፍሮይድ አስታወቀ። ፍሮይድ የቦዝ ንድፈ ሐሳብ ከውስጣዊው የኃይል ትግል ይልቅ ለቅርጹ ያደላል ሲል ነቀፈው። በሕሙማኑ መካከል ያለው ልዩነት ግን በእጅጉ እንደሳበውና ጉዳዩን እንደሚከታተለው አልሸሸገም። ቦዝም አቋሙን አልለወጠም። ለዚያ ዘመን፣ በቅኝ ግዛት ሥር ለሚኖር ሐኪም፣ ይህ ቀላል ድፍረት አይደለም።

ክርክሩ ወዳጅነታቸውን አላደፈረሰውም። ቀደም ሲል አንድ ሕንዳዊ ሠዓሊ ፍሮይድን ሳያይ በምናቡ የሣለውን ሥዕል ቦዝ በላከለት ጊዜ፣ ባለ መልኩ ሥዕሉ ከሚገባው በላይ አምሯል ብሎ ቀልዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931፣ ፍሮይድ 75 ዓመት ሲሞላው፣ የካልካታው ማኅበር ከዝሆን ጥርስ የተሠራ የቪሽኑ ምስል ሰደደለት፤ እሱም በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ቦዝ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1933 በካርማይክል የሕክምና ኮሌጅ ለአእምሮ ሕሙማን የተመላላሽ ክፍል ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ ደራሲው ወንድሙ ራጅሼካር በለገሰው ቦታ ላይ ሉምቢኒ ፓርክ የተባለው የአእምሮ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። ማኅበሩን ከተመሠረተበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1953 ድረስ፣ በፕሬዚዳንትነት መርቷል።