ከሉማሜ ለሚነሳ ወጣት የግብርና ሥልጠና የት ይገኛል?

በአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ በሉማሜ ዙሪያ፣ በግብርና ሌላውን ለመምራት ለሚያስብ ወጣት ቅርቡ የቀበሌው የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ነው። ማዕከሉ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎች እንዲኖሩት ታስቦ የተቋቋመ ነው። ለመካከለኛ ሙያ ቡሬ ያለው የግብርና ኮሌጅ፣ ለዲግሪ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አለ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን (ሕግ ስለተማርኩ ይሆናል) ማሳው ነው። በ1989 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም መሬት ሲሸነሸን ያልተወለደው ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ከወላጅ በስጦታ ወይም በውርስ ካላገኘ የቀረው ኪራይ ነው። ስለዚህ ሥልጠናው ከማዳበሪያ አጠቃቀም ጋር የኪራይ ውል አጻጻፍንና ማስመዝገብን ቢጨምር እላለሁ። የኅብረት ሥራ ማኅበርም አለ። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 አባሉ ምንም ያህል ዕጣ ቢኖረው ድምፁ አንድ ነው። ወጣቱ ለሥራ አመራር ኮሚቴ ከመወዳደሩ በፊት የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ጠይቆ ያንብብ።