ሰንጠረዥ፦ ቃሉ ተርፎ ጨዋታው የጠፋበት ታሪክ

በየመሥሪያ ቤታችን የሒሳብ ወይም የጥናት ዘገባ በቀረበ ቁጥር «ሠንጠረዥ 1»፣ «ሠንጠረዥ 2» እያልን በዐምድና በረድፍ የተከፋፈለውን የቁጥር ገበታ እንጠቅሳለን። ቃሉ ግን ወደ ጽሕፈት ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ በነገሥታትና በመኳንንት አዳራሽ ይነገር ነበር። ሰንጠረዥ የጨዋታ ስም ነውና።

የጨዋታው ትውልድ ከህንድ ነው። በዚያ «ቻቱራንጋ»፣ ይኸውም ባለአራት ክፍል ሠራዊት፣ ይባል የነበረው ወደ ፋርስ ተሻገረ፤ ዐረቦችም በ7ኛው መቶ ዓመት ፋርስን ከያዙ በኋላ «ሸጥረንጅ» ብለው ተቀበሉት። የእኛም ስም ከዚሁ የወጣ ነው። አውሮፓውያን በበኩላቸው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ (በእነርሱ አቆጣጠር) በጥንቱ ሥርዓት ሲጫወቱ ቆይተው፣ ከዚያ በኋላ አንድ እርምጃ ብቻ በሰያፍ ይራመድ የነበረውን አማካሪ ወደ ኃያሏ ንግሥት ለወጡት። ያ ለውጥ እኛ ዘንድ አልደረሰም። የኢትዮጵያ ፈርዝ በአንድ እርምጃው፣ ፊሉም ወደ ሁለተኛዋ ቤት በሰያፍ በመዝለሉ ጸና።

ዐፄ ልብነ ድንግል (1508–1540 እ.ኤ.አ.) ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ትግራይን ያየው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ደግሞ የራስ ወልደ ሥላሴን የሰንጠረዥ ፍቅር ይመሰክራል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሻካራ ነበሩ፤ ተጫዋቹም የባላጋራውን ጠጠር ሲበላ በኃይል መትቶ ከቦታው ያስፈነጥረው ነበር። ገበታው ብዙውን ጊዜ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ የተሰመረ ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ ቤቶቹ በቀለም አይፈራረቁም። ንጉሡም ፊት ለፊት የሚያየው የባላጋራውን ንጉሥ ሳይሆን ፈርዙን ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ወረራ የተባለው መክፈቻ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ወገኖች መደቆቻቸውን፣ ፈረሶቻቸውን፣ ደሮቻቸውን በፈለጉት ፍጥነት ያሰልፋሉ፤ የባላጋራቸውን አሰላለፍ እያዩም የራሳቸውን ያርማሉ። ተራ የሚጀምረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሁካታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ የጦር አለቃ ጠላት ሰፈሩን እስኪያስተካክል ተራ እንደማይጠብቅ ያሰበ ሰው፣ ከዘመናዊው ጨዋታ ይልቅ ይህ ለጦርነት እንደሚቀርብ ይገነዘባል።

ማሸነፍም ደረጃ ነበረው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መያዝ ብዙ አያስመሰግንም፤ በፊል ወይም በመደቅ የያዘ ግን ይወደሳል። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም፤ ስለዚህ የባላጋራውን ሠራዊት ጨርሶ የፈጀ ስግብግብ ድሉን ያጣል። ይህን ሕግ ያወጣው ማን እንደሆነ ባይታወቅም፣ የቤተ መንግሥት ሰው ለመሆኑ አልጠራጠርም።

እነዚህን ሕጎች በዝርዝር ካቆዩልን አንዱ በ1848 ቆንስል ሆኖ የመጣው ዋልተር ፕላውደን ነው፤ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1868 ታተመ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ጉዳዩን ሲያነሡ ጨዋታው የአረጋውያን ትዝታ ሆኖ ነበር። የ1936ቱ የፋሺስት ወረራ መኳንንቱን ሲበትን ገበታውም አብሮ ተጠቀለለ። ከዚያ ወዲህ ያደገው ወጣት የሚያውቀው ቼስን ነው።

አንዳንድ የአውሮፓ ጸሐፊዎች የእኛን ሰንጠረዥ እንደ ኋላ ቀር ቅሪት ቆጥረውታል። ፍርዱ የተቻኮለ ይመስለኛል፤ ወረራን የመሰለ ነገር በዐረቦቹም ሆነ በፋርሶቹ ሥርዓት ዘንድ አልተለመደምና፣ እዚህ የተፈጠረ ነው ቢባል ያስኬዳል። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. በሲንጋፖር የ18 ዓመቱ ህንዳዊ ጉኬሽ ቻይናዊውን ዲንግ ሊረንን ረትቶ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ ጨዋታው ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ ተብሎ ነበር። የተመለሰው ግን በአውሮፓ መንገድ፣ ንግሥቲቱን ይዞ ነው። የአሮጌው ሥርዓት ሕግ ግን በፕላውደንና በፓንክረስት ገጾች ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ቀይ ጨርቅ፣ ጥቁር ጥብጣብና 32 ጠጠር ያለው ሰው ዛሬ ማታ ወረራውን ሊጀምር ይችላል።